እምቢ ያለውን ሠራተኛ ቁጭ ብሎ መስማት

ብዙ ለውጥ አይቻለሁ። ቢፒአር መጣ፤ ቢኤስሲ መጣ፤ ካይዘን መጣ። በ2002 ዓ.ም. የሆስፒታሎች የለውጥ ማስፈጸሚያ መመሪያ ደረሰን፤ እሱን በወጉ ሳንጨርስ ሌላ ተተካ። እያንዳንዱ ሲመጣ ባነር ይሰቀላል፣ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ፋይል ይከፈታል። ነባሯ ነርስ ጋዋኗን እንደለበሰች ከአዳራሹ ኋላ ተቀምጣ ታዳምጣለች። አትቃወምም፤ ሰዓቷን ታያለች። ይህ ስንተኛው ለውጥ እንደሆነ የምታውቀው እሷ ናት። መድረክ ላይ የቆመው ልጅ ግን ሁሉ ነገር በሱ የተጀመረ ይመስለዋል።

እኔ በአንድ የክልል ከተማ ጠቅላላ ሆስፒታል ከነርስነት ተነስቼ የክፍል ኃላፊ፣ ማትሮን፣ በኋላም የጥራት ክፍል አስተባባሪ ሆኜ ሠርቻለሁ። ታዝዤ የፈጸምኩት አለ፣ አዝዤ ያስፈጸምኩትም አለ። አሁን ወጣት ኃላፊዎች «ሠራተኛው ለውጥ አይቀበልም» እያሉ ሲያማርሩ ስሰማ የምጠይቃቸው አንድ ጥያቄ ነው፦ ምን ሊያጣ ነው? የጤና ባለሙያ ደመወዝ ድሮም ከኑሮ ጋር አልተመጣጠነም። የብሩ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ደግሞ ሁሉም ነገር ተንቀሳቅሷል። እንዲህ ባለ ጊዜ ሰው ያለችውን ትንሽ ነገር አጥብቆ ይይዛል። ያቺ ነገር የዲዩቲ ክፍያ ልትሆን ትችላለች። ከሥራ በኋላ በግል ክሊኒክ የሚሠራባት ሁለት ሰዓት ልትሆን ትችላለች። ልጁን ከትምህርት ቤት የሚያወጣባት ሰዓትም፣ በሥራ ባልደረቦቹ ፊት ያለው ክብርም ልትሆን ትችላለች። ካልጠየቁት አይናገራትም፤ «አሠራሩ አልተጠናም» ብሎ ያልፈዋል።

ካርድ ክፍል

የካርድ ክፍላችን ኃላፊ በዕድሜ ከሁላችንም ይበልጡ ነበር፤ «ጋሼ» ነበር የምንላቸው። ካርድ በኮምፒውተር ይሁን ሲባል ስብሰባ ላይ ተነስተው «ይሄ ነገር እዚህ አይሠራም» አሉ። ቃለ ጉባኤው ላይ «የአመለካከት ችግር» ተብሎ ተያዘ። በዚያ ዘመን ለአለቃ የማይመች ሐሳብ ሁሉ የሚመዘገበው በዚህ ስም ነበር።

በማግሥቱ መስኮታቸው ጋ ሄድኩና «ጋሼ፣ የትኛው ነው የማይሠራው?» አልኳቸው።

«ነይ፣ ግቢና እዪ» አሉኝ።

ከመስኮቱ ውጪ አንዲት እናት ቆማለች። ስሟን ተናገረች፤ ፀሐይ፣ የአባቷም ስም በየመንደሩ የሚገኝ ዓይነት። ጋሼ የአያቷን ስም ጠየቁ፣ ቀበሌዋን ጠየቁ፣ ባለፈው ከማን ጋር እንደመጣች ጠየቁ። ከዚያ ወደ መደርደሪያው ገቡና ፎልደሩን መዘው፣ በቦታው ትሬሰር ካርድ ሰክተው ተመለሱ።

«በዚህ ስም እዚህ መደርደሪያ ላይ ስንት ሴት አለች መሰለሽ?» አሉኝ። «ያ ልጅ» ሲሉ የአይቲውን ባለሙያ ማለታቸው ነው፣ «በፈረንጅ ፊደል ነው የሚጽፋት። አንዱ ተረኛ በቲ ይጀምራታል፣ ሌላው በኤስ። ተመልሳ ስትመጣ ፈልጎ ያጣታል፤ አዲስ ካርድ ያወጣላታል። የስኳር መድኃኒቷ የተጻፈበት ካርድ አንድ ቦታ፣ እሷ ሌላ ቦታ ትሆናለች።»

ሌላም ጨመሩልኝ። ሲስተሙ ቀጠሮውን በፈረንጅ አቆጣጠር ይጽፋል፤ ታማሚው በሐበሻ ቆጥሮ ይመጣል። መብራት ሲጠፋ ሁሉም ነገር ይቆማል፤ ወረፋው ግን አይቆምም። «ያን ጊዜ ሰው ኮምፒውተሩን አይሰድብም» አሉኝ። «የሚሰድበው እኔን ነው።»

እኚህ ሰው የኮምፒውተር ጠላት ተብለው ነበር። እኔ ግን የተናገሩትን አንድ በአንድ ጻፍኩትና ለማኔጅመንቱ አቀረብኩት፤ ከአማካሪው ሪፖርት የተሻለ የአደጋ ዝርዝር ነበር። ከዚያ በኋላ ነው የአያት ስም፣ ቀበሌና ስልክ ቁጥር ሳይሞላ አዲስ ካርድ እንዳይከፈት የተደረገው። የድሮው የካርድ ቁጥር ወደ ሲስተሙ እንዳለ እንዲገባ ተወሰነ። መብራት ሲጠፋ የሚሞላ አጭር የወረቀት ቅጽም በየመስኮቱ ተቀመጠ። ከሁሉ በላይ የጠቀመው ግን ሌላ ነው፦ የተደራረበ ካርድ ሲገኝ የትኛው የማን እንደሆነ የመወሰኑ ሥልጣን ለጋሼ ተሰጠ። አጠገባቸው አንዲት ወጣት ተቀምጣ ትጽፋለች፤ እሳቸው ይወስናሉ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ጣታቸውን ኪቦርዱ ላይ አላሳረፉም፤ ማንም አልጠየቃቸውም።

ጋሼ ሊያጡ የነበረው «ያለ እሳቸው ካርድ አይገኝም» የሚለውን ክብር ነበር። ይህን በስብሰባ ተነስቶ የሚናገር ሰው የለም።

መድኃኒት ቤት

ካርድ ክፍል የተማርኩትን ይዤ መድኃኒት ቤት ስገባ፣ ሁሉም እምቢታ እንዲህ ቅን እንዳልሆነ አየሁ። ኤፒቲኤስ የሚባለው፣ የመድኃኒት ግብይቱን ለኦዲት ክፍት የሚያደርገው አሠራር ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ላይ ተጀምሮ ነው ወደ ሌሎቻችን የተዛመተው። የሐኪም ማዘዣውን የሚመረምረው ሌላ፣ ዋጋ የሚያወጣው ሌላ፣ ገንዘብ የሚቀበለው ሌላ፣ መድኃኒቱን አስረድቶ የሚሰጠው ሌላ ይሆናል። የዕለቱ ሒሳብ በዕለቱ ይዘጋል፤ በየወሩ ቆጠራ አለ።

ተቃውሞው የመጣው በሥራ ጫና ስም ነው። «ሰው አይበቃንም፣ ወረፋው ይረዝማል፣ ታማሚው ይጉላላል» ተባለ። ግማሹ እውነት ስለነበር ለእያንዳንዱ ቅሬታ በሁሉም ፊት መልስ እንዲሰጠው ተደረገ። ገንዘብ ተቀባዮች ተቀጠሩ፤ መስኮት ተጨመረ፤ የዋጋ ዝርዝር ተለጠፈ። ይህ ሁሉ ከተመለሰ በኋላ ጥቂት ሰዎች «ቆጠራው ብቻ ለጊዜው ይቆይ» ማለታቸውን ቀጠሉ። ለምን እንደሆነ ማንም አልጠየቃቸውም፤ ቆጠራው ቀጠለ። ቅሬታው ሁሉ ተመልሶለት አሁንም እምቢ የሚልን ሰው እንደ ጋሼ ማባበል አያስፈልግም።

ለፋርማሲስቶቹ ፍትሐዊ ልሁን። አብዛኞቹ በኋላ አሠራሩን ወደዱት። ድሮ ጉድለት ሲገኝ ሁሉም በአንድ ላይ ይጠረጠር ነበር። አሁን የማን መደርደሪያ እንደሆነ ይታወቃል፤ ንጹሑ ሰው ተኝቶ ያድራል።

የማናውቀውን በሰሌዳ መጻፍ

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ አገር ውስጥ መገኘቱ ሲነገር እኛ ከተማ አንድም ሕመምተኛ አልነበረም። ሆስፒታላችን ግን ከማግሥቱ ጀምሮ ሥራው ተስተጓጎለ። አዲስ አበባ ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ለሕክምናው ተለይቷል፤ እኛም የለይቶ ማከሚያ ክፍል አዘጋጁ ተባልን። ማን ይግባ? ጡት የምታጠባ አለች፣ አሮጊት እናቱን ይዞ የሚኖር አለ። አከራያቸው «ቤቱን ልቀቁልኝ» ያሏቸው ነርሶችም ነበሩ።

በተለመደው መንገድ ቢሆን የስም ዝርዝር ተለጥፎ «ተመድባችኋል» ይባል ነበር። የሜዲካል ዳይሬክተራችን አሠራር ሌላ ነበር። መግቢያው ላይ ነጭ ሰሌዳ አቁሞ በሦስት ከፈለው፦ የምናውቀው፣ የማናውቀው፣ የምናውቅበት ቀን። በየጠዋቱ ይጽፍበታል። በስቶር ያለው የኤን95 ማስክ ብዛት በቁጥር ይጻፋል። ተጨማሪው መቼ ይመጣል በሚለው ትይዩ «አናውቅም፤ ሐሙስ ለጤና ቢሮ እንደውላለን» ይላል። ሐሙስ ሲመሽ ደግሞ «ደውለናል፤ አልመጣም» ተብሎ ይጨመራል።

አንዳንድ የማኔጅመንት አባላት ይህ ሠራተኛውን ያስደነግጣል ብለው ተከራክረው ነበር። የሆነው የተገላቢጦሽ ነው። አለቃ «ሁሉም ተዘጋጅቷል» ሲል ሠራተኛ የሚደበቅ ነገር እንዳለ ይገባዋል፤ ክፍተቱንም በወሬ ይሞላዋል። ሰሌዳው ላይ ስቶሩ በቁጥር ሲጻፍ የማስክ ወሬ ሞተ።

ምደባው በዕጣ ሆነ። ነፍሰ ጡሮችና ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው ከወጡ በኋላ የቀረው ሰው ስም ሁሉ ተጣጥፎ ኪድኒ ዲሽ ውስጥ ገባ፤ የዳይሬክተሩም የእኔም ስም አብሮ። የእኔ የወጣው በሁለተኛው ዙር ነው። የአለቃው ስም ዕጣ ውስጥ ባይኖር ኖሮ አንድም ሰው እጁን አይሰድም ነበር።

የዕጣው ስብሰባ ሊዘጋ ሲል ከበሩ አጠገብ ቆመው የነበሩ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ተናገሩ። «ነርሷ ጓንቷን አውልቃ ትጥላለች፤ የማነሳው እኔ ነኝ። የኔ ሥልጠና የት አለ?» አሉ። በዕቅዱ ውስጥ ሐኪም፣ ነርስ፣ ላቦራቶሪ ሁሉም ነበር፤ ጽዳት አልነበረም። የመከላከያ ልብስ አለባበስና አወላለቅ ሥልጠናው በማግሥቱ ከእሳቸው ክፍል ተጀመረ።

ከዓመት በኋላ መጋቢት 2013 ላይ ክትባቱ ሲጀመር ቅድሚያ የተሰጠው ለጤና ባለሙያ ነበር። ከመካከላችን ያመነታው ብዙ ነው። ፖስተር ያላንቀሳቀሰውን ሰው፣ አብሮት ተረኛ የነበረው ጓደኛው ተከትቦ በማግሥቱ ሥራ መግባቱ አንቀሳቀሰው።

ሐኪም አይጮህም

ነርስ ካልተስማማት ውሎ አድሮም ቢሆን ትናገራለች፤ ሐኪም በትሕትና ይሰማና አይመጣም። የቀዶ ሕክምና ክፍልን የሚያውቅ ይህን ያውቃል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ማረጋገጫ ዝርዝር 19 ነጥቦች አሉት፤ በሦስት ጊዜ፣ ማለትም ከማደንዘዣ በፊት፣ ከመቀደድ በፊት እና ታማሚው ከክፍሉ ከመውጣቱ በፊት ይነበባል። በስምንት አገሮች ስምንት ሆስፒታሎች ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ውጤት የሞት መጠን ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ መውረዱን አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ ከካናዳዋ ኦንታሪዮ ሌላ ጥናት ወጣ። 101 ሆስፒታሎች ዝርዝሩን ሥራ ላይ ካዋሉ በኋላ በሞት መጠን ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። ምሁራን በምክንያቱ ተከራክረውበታል። እኔ ግን ቅጽ የሚሞላ ሁሉ ዝርዝሩን ያነብባል ብሎ ማሰብ እንደማይቻል በዓይኔ አይቻለሁ፤ ታማሚው ገና ከተኝቶ ታካሚ ክፍል ሳይመጣ 19ኙም ነጥብ «ራይት» ተደርጎበት፣ ተፈርሞ የተቀመጠ ቅጽ።

ያንን ቅጽ ይዤ ለክስ አልሄድኩም። ከቀዶ ሐኪሞቹ አንዱን «ዶክተር፣ ከነዚህ ውስጥ ለእርስዎ እንቅልፍ የሚነሳዎት የትኛው ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ጊዜ አልወሰደባቸውም። የጎዝ ቆጠራና የደም ዝግጅት አሉኝ። በነዚያ ጀመርን። እሳቸውም በቡድኑ ፊት «ሲስተር አንብባ ሳትጨርስ ቢላ እንዳትሰጡኝ» አሉ። ያቺ ዓረፍተ ነገር የኔን ደብዳቤ ሁሉ አስናቀች። ቀሪዎቹ ነጥቦች ቀስ እያሉ ገቡ፤ አሁንም ሳይነበቡ የሚታለፉ አሉ።

አበል

ይህን ስጽፍ የሚቀየሙኝ ይኖራሉ። ሥልጠና አዳማ ወይም ቢሾፍቱ ሲዘጋጅ የሚሄደው ሥራውን የሚሠራው ሰው አይደለም፤ የአበል ተራው የደረሰው ነው። ተመልሶ ሲመጣ ሰርተፍኬቱ ፋይሉ ውስጥ ይገባል፣ አዲሱ አሠራር ግን እሱ ጋ ይቀራል። ሥራውን የምትሠራው ደግሞ ስለ ለውጡ የምትሰማው ሲያርሟት ነው፤ እልህ ትጋባለች። ሥልጠናውን ወደ ክፍሉ አምጡት። ሻይና ዳቦ ይኑር፤ ታማሚ ሲመጣ ይቋረጥ፤ ታማሚው ሲያልቅ እንደገና ይቀጥል። ሰው አበሉን ማጣቱ ግን እውነተኛ ጉዳት ነው፤ ብዙ ቤተሰብ የቤት ኪራይ የከፈለበት ገንዘብ ነው። አበሉን ያስቀረ ኃላፊ ለሥልጠናው ሰዓት የትርፍ ሰዓት ክፍያ ካላስፈቀደ፣ የሚያጋጥመውን ኩርፊያ «የለውጥ ተቃውሞ» ብሎ አይጥራው።

ሌሊት ተረኛ

ስብሰባ የሚጠራው በሥራ ሰዓት ነው። ሌሊት ተረኞች ያን ጊዜ ቤታቸው ተኝተዋል። አዲሱን አሠራር ከጽዳት ሠራተኛ ወይም ከታማሚ ቤተሰብ ሰምተው የሚገቡ ነርሶች አሉ። ማንኛውም ለውጥ ከመጀመሩ በፊት በማታው ርክክብ ሰዓት ዋርድ ወርዶ ለሌሊቱ ቡድን መንገር የኃላፊው ራሱ ሥራ ነው። በቴሌግራም ግሩፕ መጻፍ አይተካውም።

ፕሮጀክቱ ሲሄድ

ከሁሉ የከበደኝ የ2017ቱ ነው። ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ዋሽንግተን ላይ የአሜሪካ የውጭ ዕርዳታ ለ90 ቀን እንዲቆም ትእዛዝ ተፈረመ። ብዙም ሳይቆይ የጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ ይከፈላቸው የነበሩ 5,000 ያህል ሠራተኞች ውል እንዲቋረጥ አደረገ። በእኛ የፀረ ኤችአይቪ ሕክምና (ኤአርቲ) ክሊኒክ ውስጥ የዳታ ክለርኩ፣ የኬዝ ማናጀሯና የአድኸረንስ ሰፖርተሮቹ ወንበር ባዶ ቀረ። ይመለሳሉ የሚል ወሬ በአንድ ሳምንት፣ አይመለሱም የሚል በሌላው ሳምንት ይመጣል። ነፃ የፀረ ኤችአይቪ ሕክምና አገራችን ከገባበት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ይህ አገልግሎት የራሱ ክፍል፣ የራሱ መዝገብ፣ የራሱ ሰው ነበረው። አሁን ከስኳርና ከደም ግፊት ክትትል ጋር ይቀላቀል ተባለ።

ነርሶቹ እምቢ አሉ። «እነሱ በፕሮጀክት ሲከፈላቸው ማን አስታወሰን?» የሚል የቆየ ቁስል ነበር፤ ሥራውን ስናስረክባቸው ያ ቁስል ተነካ። እንዲህ ባለ ቀን ስለ ውህደቱ አጀንዳ ይዞ መግባት ዋጋ የለውም። ስለዚህ አጀንዳ የሌለው ስብሰባ ተጠራ፤ ቅሬታ ብቻ የሚነገርበት። ማንም አልመለሰም፣ ማንም አላስተባበለም፤ ሁሉም ተጻፈ። ረጅምና የሚያደክም ከሰዓት ነበር።

በሁለተኛው ስብሰባ የተነሳው ጥያቄ ተቀየረ፦ ሥራው በምን ይቀንስ? መልሱ እጃችን ላይ ነበር። ቫይራል ሎዳቸው የወረደና የተረጋጉ ታማሚዎች የስድስት ወር መድኃኒት ወስደው መሄድ የሚችሉበት አሠራር ውህደቱ ከመምጣቱ ከዓመታት በፊት ጀምሮ አለ። መስፈርቱን አሟልተው ሳሉ በየሁለት በየሦስት ወሩ የሚመላለሱት ተለይተው ወደ ስድስት ወር ቀጠሮ እንዲዞሩ ተደረገ። ወረፋው ሲያጥር የነርሶቹም ድምፅ ለዘበ።

ያልገመትነው ተቃውሞ የመጣው ከታማሚዎቹ ነው። ለዓመታት በጓሮ በር እየገቡ የታከሙ ሰዎች ከጎረቤታቸው ጋር አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ ሲባሉ ቀጠሯቸውን መቅረት ጀመሩ። ማን እንደቀረ፣ ለማን እንደሚደወልና በምን ሰዓት ቢደወል ባል ወይም ሚስት እንደማይሰሙ የሚያውቁት የተሰናበቱት ሰፖርተሮች ነበሩ። ከመካከላቸው ቫይረሱ በደማቸው ያለ አሉ፤ ያለ ክፍያ ከሰዓት በኋላ እየመጡ የደወሉልንም አሉ። ስለ እነሱ ውለታ የጻፈ ሪፖርት አላየሁም።

አንዲት ሲስተር እስከ መጨረሻው አልተቀበለችም። ሕፃናት ክፍል እንድትዛወር ጠየቀች፣ ተዛወረች፤ እዚያ ጎበዝ ናት። ሁሉንም ካላሳመንኩ የሚል ኃላፊ ራሱንም ሥራውንም ያደክማል።

ምን ይቀራል?

ከላይ የተናገርኩት ሁሉ የሚታጠፍበት ቦታ ይህ ነው። የእናቶች ክፍል ውስጥ አንዲት አዋላጅ ልጅ አዋልዳ ስትጨርስ ፓርቶግራፉ አለ፣ የወሊድ መዝገብ አለ፣ የታሊ ወረቀት አለ፣ የታማሚዋ ካርድ አለ፤ ወሩ ሲያልቅ ያው ቁጥር ተደምሮ ዲኤችአይኤስ2 ውስጥ ይገባል። ኮምፒውተሩ ሲመጣ ወረቀቱ ይቀራል ተብሎ ነበር፤ ሁለቱም አሉ። አዲስ ቅጽ ስናመጣባት የምታዞርብን ፊት የአመለካከት ችግር አይደለም። የእጅ ድካም ነው።

እኛ ዘንድ አንድ ልማድ ጀምረን ነበር፦ አዲስ ቅጽ ይዞ የመጣ የሚቀር አሮጌ ቅጽ ካላመለከተ በማኔጅመንት አይታይለትም። በራሳችን ያመጣናቸውን ቅጾች በዚህ መንገድ ቀንሰናል። ከላይ በሚመጡት ላይ ግን ሥልጣን የለንም።

ስለዚህ በጤና ሚኒስቴርና በክልል ጤና ቢሮዎች ያላችሁ ባልደረቦቼን የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ቀጣዩን መመሪያ ስትልኩልን፣ የትኛው መዝገብ፣ የትኛው ሪፖርትና የትኛው ኮሚቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደሚቀር በዚያው ደብዳቤ ላይ ጻፉልን።